ባክቴሪያ የሚለብሰው የስኳር ካባ

የልጃችሁን የክትባት ካርድ አውጡና እዩት። ስድስተኛ ሳምንት፣ አሥረኛ ሳምንት፣ አሥራ አራተኛ ሳምንት በሚሉት ቦታዎች ላይ “ፒሲቪ” የሚል ስም ሦስት ጊዜ ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን የምናውቀው “የሳንባ ምች ክትባት” ብለን ነው። ከጎኑ “ፔንታ” የሚባለው አለ፤ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከል ሲሆን ከአምስቱ አንዱ “ሂብ” የተባለው ባክቴሪያ ነው። ፒሲቪና ሂብ አንድ የሚጋሩት ነገር አላቸው። በሁለቱም መርፌዎች ውስጥ ለሰውነት ጠላቱን የሚያስተዋውቀው ነገር ስኳር ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ዓይነት አይደለም፤ ከባክቴሪያ ገላ ላይ የተገፈፈ የስኳር ሰንሰለት ነው።

በዚህ ወር የምናወራው ስለዚሁ ስኳርና ስኳሩን ስለሚሠሩት ጥቃቅን ሠራተኞች ነው። ከቤታችን የራቀ የላቦራቶሪ ወሬ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን “ልጁ ደህና ነው፤ ባለፈው ጊዜም ሌሊቱን ሙሉ አተኮሰው፤ ሦስተኛው ይቅርበት” ሲባል ለሰማ ሰው ሁሉ መልሱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ካባው ለምን ይጠቅመዋል?

ከኒሞኮከስ እንጀምር። የሳንባ ምች፣ የጆሮ ሕመምና የማጅራት ገትር ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋነኛው ነው። ይህን ሁሉ ክፉ ስም ተሸክሞ ሳለ፣ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው በጤነኛ ልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ፣ ማንንም ሳያስቸግር ነው። የሚስቅ፣ የሚሮጥ፣ ምሳውን ጥርግ አድርጎ የሚበላ ልጅ አፍንጫ ውስጥ ቢገኝ አይድነቃችሁ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ወጥቶ ወደ ሳንባ፣ ወደ ደም ወይም ወደ አንጎል ሽፋን ሲሻገር ነው።

እዚያ ነጭ የደም ሕዋሶች ይጠብቁታል። ሥራቸው ባዕድ የሆነውን ነገር ይዘው መዋጥ ነው። ካባ የሌለው ኒሞኮከስ ካጋጠማቸው ብዙም ሳይቸገሩ ይውጡታል። ካባ የለበሰው ግን ያመልጣቸዋል። ዙሪያውን ውሃ ባዘለ፣ በሚያዳልጥ ሽፋን ተጠቅልሏልና የሚጨብጡት ነገር የላቸውም። ተልባ ዘፍዝፋችሁ የምታውቁ ከሆነ ፍሬዎቹን በጣት ለመያዝ ስትሞክሩ እንዴት እንደሚያሟልጩ ታስታውሳላችሁ። ተልባን የሚያዝለገልገው ነገርም ውሃ የጠጣ የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ስለዚህ የባክቴሪያውን ካባ ለማሰብ ከጓዳችን መራቅ አያስፈልገንም።

ካባውን የተነጠቀ ኒሞኮከስ ሰውን ለከፋ ሕመም የመዳረግ አቅሙን በአብዛኛው ያጣል። ባክቴሪያው በሕይወት አለ፣ ይባዛል፣ ግን ደም ውስጥ ከገባ አይቆይም። ስለዚህ ካባው ለእርሱ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ሰኪዎቹ

ካባውን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ናቸው። ኢንዛይም ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከምግብ መፈጨት ጋር ስለሆነ ሥራቸው መሰባበር ብቻ ይመስለናል። የሚገነቡም አሉ። ስኳርን ከስኳር የሚያያይዙት ኢንዛይሞች በሳይንሱ “ግላይኮሲልትራንስፈሬዝ” ይባላሉ። ስሙ ምላስ ያስራልና በዚህ ጽሑፍ “ሰኪዎች” እንበላቸው፤ ዶቃ በክር እንደሚሰካ ሰው ነው የሚሠሩት።

እያንዳንዱ ሰኪ ፕሮቲን ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ አሚኖ አሲዶች ተራ በተራ ተያይዘው ረጅም ክር ይሆናሉ፤ ክሩ ደግሞ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ብዙዎቹ ሰኪዎች ተጣጥፈው ሲያበቁ መሃላቸው ላይ ከፈት እንዳለ አፍ የመሰለ ስንጥቅ ይኖራቸዋል። በአንድ ወገን አዲስ የሚጨመረው ስኳር ይገባል፤ በሌላው ወገን እየተሠራ ያለው ሰንሰለት ጫፍ ይገባል። ሁለቱ በትክክለኛው ጎናቸው ፊት ለፊት ሲገናኙ ይያያዛሉ። የትኛው ስኳር ይገባል? በየትኛው ጎኑ ይያያዛል? ይህን የሚወስነው የስንጥቁ ቅርጽ ነው።

ስኳር ከስኳር ጋር ዝም ብሎ አይያያዝም፤ ጉልበት ይጠይቃል። ባክቴሪያው ለዚህ ዘዴ አለው። እያንዳንዱን ነጠላ ስኳር አስቀድሞ ጉልበት ባዘለ ኬሚካላዊ እጀታ ላይ ይሰካዋል። ሰኪው እጀታውን ይዞ ስኳሩን ወደ ቦታው ያስገባል፤ ስኳሩ ከሰንሰለቱ ጋር ሲያያዝ እጀታው ተላቆ ይሄዳል። የእኛም ሰውነት ስኳር የሚያያይዘው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን እጀታ ያገኘው ሉዊስ ፌዴሪኮ ሌሉዋር የተባለ አርጀንቲናዊ ሐኪም ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1970 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ቦነስ አይረስ በነበረው ላቦራቶሪው የሚቀመጥባት ወንበር በገመድ ተጠግና የምትታይበት ፎቶግራፍ ዝነኛ ነው። እኔ በበኩሌ ከሽልማቱ ይልቅ ወንበሯ ትማርከኛለች።

ስኳርን ከዶቃ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ዶቃ ቀዳዳው አንድ ነው፤ በክር የሚገባውም በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስኳር ግን ብዙ ጎን አለው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጎኑ ሊያያዝ ይችላል፤ ጎኑ በተቀየረ ቁጥር የሰንሰለቱ ቅርጽ ይለወጣል። በጥቂት የስኳር ዓይነቶች ብቻ እጅግ ብዙ ዓይነት ካባ መሥራት የሚቻለው ለዚህ ነው። እስካሁን የታወቁት የኒሞኮከስ የካባ ዓይነቶች ከ100 በላይ ናቸው። ሳይንቲስቶች ቁጥርና ፊደል ሰጥተው ይጠሯቸዋል፦ 1፣ 3፣ 6ኤ፣ 6ቢ፣ 14፣ 19ኤፍ እያሉ።

አንዲት አሚኖ አሲድ

6ኤ እና 6ቢ የሚባሉትን ሁለት ካባዎች እንመልከት። የተሠሩባቸው ስኳሮች አንድ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አንድ ነው። ልዩነታቸው አንድ መጋጠሚያ ላይ ብቻ ነው፦ ራምኖስ የሚባለው ስኳር ሪቢቶል ከሚባለው ጎረቤቱ ጋር በአንዱ በሦስተኛው ጎን፣ በሌላው በአራተኛው ጎን ይያያዛል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ ተብሎ ሲፈተሽ መጋጠሚያውን የሚሠራው ሰኪ ላይ ተደረሰ። በሰኪው ስንጥቅ አካባቢ ያለች አንዲት አሚኖ አሲድ በሌላ ስትተካ 6ኤ የነበረው 6ቢ ይሆናል። በመቶዎች ከሚቆጠሩት አንዷ ናት ካባውን የቀየረችው።

የተጋነነ ከመሰላችሁ ወደ ራሳችሁ ደም ኑ። የደም ዓይነታችሁ ኤ ነው ወይስ ቢ? ልዩነቱ በቀይ የደም ሕዋሶቻችሁ ላይ ባለች የአንዲት ስኳር ጉዳይ ነው፤ ስኳሯን የሚያስቀምጠውም የባክቴሪያዎቹ ሰኪዎች ዘመድ የሆነ ኢንዛይም ነው። የኤ ኢንዛይምና የቢ ኢንዛይም የሚለያዩት ከ354 አሚኖ አሲዶች በ4 ብቻ ነው። ኦ የሆነ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይኸው ኢንዛይም በዘረ መል ስህተት ሥራ ያቆመበት ሰው ነው። በዚች ልዩነት ምክንያት ነው ያልተስማማ ደም ሰውን ሊገድል የሚችለው። ሰውነታችን በስኳር ላይ ያለችን ጥቃቅን ልዩነት ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ይኸው ዓይን ነው ክትባት ሠሪዎችን የሚያስቸግራቸው። የመጀመሪያው የሕፃናት ፒሲቪ እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የ7 ካባዎችን ስኳር ይዞ ነበር። 19ኤፍ ውስጡ ስለነበረ የቅርብ ዘመዱን 19ኤንም ይከላከላል የሚል ተስፋ ነበር፤ ሁለቱ በሦስት ተመሳሳይ ስኳሮች የተሠሩ ናቸውና፣ የሚለያዩትም አንዱ መጋጠሚያ በሁለተኛው ወይስ በሦስተኛው ጎን ነው በሚለው ነው። ተስፋው አልሠራም። ክትባቱ የያዛቸው ዓይነቶች ከልጆች ላይ እየጠፉ ሲሄዱ 19ኤ ባዶውን ቦታ ይዞ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣው ባለ 13 ዓይነት ክትባት 19ኤን ለብቻው የጨመረው ለዚህ ነው። የክትባት ስሞች ላይ 7፣ 10፣ 13 የሚሉ ቁጥሮችን ስታዩ የምትቆጥሩት የካባ ዓይነቶችን ነው።

ቁጥር 3 ሌላ ጉደኛ ነው። ብዙዎቹ ኒሞኮከሶች ካባቸውን የሚሠሩት በየክፍሉ ነው፦ ጥቂት ስኳሮች ያሉበትን አጭር ቁራጭ ከሽፋናቸው በስተ ውስጥ ይሰኩና ወደ ውጭ ያሳልፉታል፤ ቁራጮቹ ውጭ ላይ እርስ በርስ ተያይዘው ይረዝሙና ከባክቴሪያው ግድግዳ ጋር ይሰፋሉ። ቁጥር 3 ግን አንድ ሰኪ ብቻ ይበቃዋል። ያ ሰኪ ሁለት ስኳሮችን እያፈራረቀ ይሰካል፤ ሰንሰለቱንም እየሠራ በቀጥታ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሰንሰለቱ ከግድግዳው ጋር ስላልተሰፋ እየተላቀቀ ይወድቃል፤ በክትባት የተዘጋጁት ፀረ እንግዳ አካላትም ባክቴሪያውን ትተው የወደቀውን ካባ ይይዛሉ። ባለ 13 ዓይነቱ ክትባት ቁጥር 3ን የያዘ ቢሆንም በእርሱ ላይ ከሌሎቹ ደከም የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታመናል። ጅራቷን ጥላ የምታመልጥ እንሽላሊት ታውቃላችሁ አይደል?

ካባውና ዘረ መል

የዘመናችን የዘረ መል ሳይንስ የተነሣው ከዚሁ ካባ ነው ብል ብዙዎች ላያምኑኝ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሬድሪክ ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ውስጥ አይጦች ላይ ይሠራ ነበር። ካባ ያለውን ኒሞኮከስ ሲወጋቸው ይሞታሉ፤ ካባ የሌለውን ሲወጋቸው ይተርፋሉ። ካባ ያለውን በሙቀት ገድሎ ሲወጋቸውም ይተርፋሉ። ቀጥሎ የሞተውን ባለካባና በሕይወት ያለውን ካባ አልባ ቀላቅሎ ወጋቸው። አይጦቹ ሞቱ። ደማቸው ሲመረመር በሕይወት ያለ፣ ካባ የለበሰ ኒሞኮከስ ተገኘ። ሕያዋኑ ከሞቱት ካባ ተምረዋል ማለት ነው፤ ልጆቻቸውም ባለካባ ሆነው ተወለዱ።

ምን ተቀበሉ? ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ኦስዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክሊዮድና ማክሊን ማካርቲ ይህን ጥያቄ ዓመታት ደክመውበት እ.ኤ.አ. በ1944 መልሱን አሳተሙ። ዲኤንኤ ነው አሉ። ዲኤንኤ የዘር መልእክት ተሸካሚ መሆኑ በሙከራ የተገለጠው ያኔ ነው። የተሸከመው መልእክት ምን ነበር ብለን ከዛሬው እውቀት ተነሥተን ብንጠይቅ የቁጥር 3ን ካባ የሚሠሩት ኢንዛይሞች አሠራር ነው። ኤቨሪ የኖቤል ሽልማት ሳያገኝ ሞተ። ግሪፊዝ ደግሞ የሥራውን ፍሬ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1941 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ሕይወቱ አልፏል።

ሕፃን ስኳርን አይሰማም

ወደ ካርዱ እንመለስ። ካባው ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ ስኳሩን አጥርቶ መውጋት አይበቃም ነበር ወይ? ለአዋቂ ሰው ይበቃል ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ የ23 ካባዎችን ስኳር ብቻውን የያዘ ክትባት አለ፤ በብዙ አገር ለአረጋውያን የሚሰጠው እርሱ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን ይህ ክትባት ቢሰጠው ሰውነቱ በቂ መልስ አይሰጥም። ኒሞኮከስ ደግሞ አብዝቶ የሚያጠቃው እነዚህኑ ሕፃናት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎች ይባላሉ። ጠንካራ፣ ዘላቂና የሚታወስ ምርት ለማምረት ከሌሎች ሕዋሶች፣ ከቲ ሴሎች፣ ይሁንታ ያስፈልጋቸዋል። ቲ ሴሎች ደግሞ የሚያውቁት ፕሮቲንን ነው፤ እንዲህ ያለውን ስኳር ብታሳዩአቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ። የአዋቂ ሰው ቢ ሴሎች ያለ ይሁንታም ቢሆን የተወሰነ ሥራ ይሠራሉ። የሕፃን ግን ገና ናቸው።

መፍትሔው ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር ማሰር ነበር። ቢ ሴሉ ስኳሩን አውቆ ሲውጠው የታሰረውን ፕሮቲን አብሮ ይውጣል፤ የፕሮቲኑን ቁራጭ ለቲ ሴል ያሳያል፤ ቲ ሴሉ ፕሮቲኑን አይቶ ይሁንታ ይሰጣል፤ ቢ ሴሉ በተሰጠው ይሁንታ የሚያመርተው ግን የስኳሩን መከላከያ ነው። ያው ኤቨሪ ከባልደረባው ከዋልተር ጎብል ጋር ይህን በጥንቸሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1931 አሳይቶት ነበር። ሐሳቡ ለሕፃናት ክትባት እስኪውል ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። ራቸል ሽኒርሰንና ጆን ሮቢንስ፣ እንዲሁም በሌላ ወገን ፖርተር አንደርሰንና ዴቪድ ስሚዝ፣ የሂብን ስኳር ከፕሮቲን ጋር አስረው ሠሩት። አሜሪካ ውስጥ ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት ከጀመረ በኋላ የሕፃናት ዋና የማጅራት ገትር መንሥኤ የነበረው ሂብ ከ99 በመቶ በላይ ቀነሰ። ወጣት ሐኪሞች በሥራ ዘመናቸው አንድም የሂብ ታማሚ ላያዩ ይችላሉ።

ወደ አገራችን ሂብ በፔንታ ውስጥ ሆኖ በ1999 ዓ.ም.፣ ፒሲቪ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ገባ። ከዚያ በፊት የተወለዱ ታላላቆችና ከዚያ በኋላ የተወለዱ ታናናሾች ያሉበት ቤት ካላችሁ ካርዳቸውን ጎን ለጎን አስቀምጡና አወዳድሩ።

ይህ ዘዴ ከሁሉ ይልቅ ያማረበት ግን በማጅራት ገትር ላይ ይመስለኛል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው “የማጅራት ገትር ቀበቶ” በየጥቂት ዓመቱ በወረርሽኝ ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 እና 1997 ብቻ ከ250,000 በላይ ሰዎች ታመው 25,000 ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። አብዛኛውን ወረርሽኝ ያመጣ የነበረው “ኤ” የተባለውን ካባ የሚለብሰው ማኒንጎኮከስ ነው። ያኔ የነበረው ክትባት ስኳር ብቻ ስለነበረ መከላከያው ዕድሜው አጭር ነበር፤ የሚሰጠውም ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ነበር። ከዚያ የ“ኤ”ን ስኳር ከቴታነስ ፕሮቲን ጋር ያሰረ፣ ዋጋው ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም ያልበለጠ ክትባት ሕንድ ውስጥ ተመረተ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ። እኛ ዘንድ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ለሆኑ ሰዎች በዘመቻ ተሰጠ፤ ተሰልፋችሁ የተወጋችሁ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በቀበቶው አገሮች በላቦራቶሪ የተረጋገጠ የ“ኤ” ታማሚ አልተገኘም። ሌሎቹ ካባዎች ግን አሉ፤ ለዚህም አምስት ካባዎችን የያዘ አዲስ ክትባት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2024 ናይጄሪያ ቀድማ ጀምራዋለች።

የእኛን ልብስ የሚለብሱ

ሁሉም ካባ በክትባት አይያዝም። መስታወታችሁ ፊት “ሃያሉሮኒክ አሲድ” የሚል ሴረም ካለ እዩት። ቆዳን የሚያረጥበው ይህ ነገር የስኳር ሰንሰለት ነው፤ በቆዳችንና በመገጣጠሚያችን ውስጥ በተፈጥሮ አለ። ለመዋቢያ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሚመረተው ስትሬፕቶኮከስ ከተባለው ወገን የሆነ ባክቴሪያን በጋን አርብቶ ነው፤ ባክቴሪያው ካባው አድርጎ የሚለብሰው እርሱን ነውና። የልጆችን ጉሮሮ የሚያቆስለው፣ እኛ “ቶንሲል” የምንለውን የሚያመጣው የቅርብ ዘመዱም ይህንኑ ካባ ይለብሳል። ሰውነታችን የራሱን ስኳር እንደ ጠላት አይቆጥርም፤ ስለዚህ ሌባው የባለቤቱን ጋቢ ለብሶ እንደሚገባ ሁሉ ሳይታወቅ ይገባል። ለዚህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ የተፈቀደ ክትባት የለም። በልጆች ላይ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚከተለው ካልታከመ የዚህ ባክቴሪያ ቶንሲል ነው፤ ሐኪም ለቶንሲል ያዘዘውን ፔኒሲሊን ጉሮሮው ስለተሻለው ብቻ አቋርጣችሁ አትተዉ። ፔኒሲሊን ካባ ሰኪዎቹን አይነካም፤ የሚያሰናክለው ከካባው ሥር ያለውን ግድግዳ የሚሰፉትን ኢንዛይሞች ነው።

የ“ቢ” ማኒንጎኮከስ ደግሞ ይብሳል። ካባው በፅንስ አንጎል ሕዋሶች ላይ ካለ ስኳር ጋር አንድ ነው። ለእርሱ ክትባት ሲሠራ ስኳሩ ተትቶ ሌሎች ፕሮቲኖች ተመረጡ።

ቀጠሮው ላይ

ሦስት ጊዜ ለምን? የመጀመሪያው መርፌ ቢ ሴሎችን ከስኳሩ ጋር ያስተዋውቃል፤ በስድስት ሳምንት ሕፃን ላይ የሚያስገኘው መልስ ግን አነስተኛ ነው። ቀጣዮቹ የታወቀውን ያጠነክራሉ፤ በክትባቱ ውስጥ ያሉት ካባዎች ብዙ ስለሆኑና ሰውነት ለሁሉም እኩል ስለማይመልስ አንዳንዶቹ መከላከያቸው የሚበቃው ከተደጋገመ በኋላ ነው። አንዱን የወሰደ ልጅ ምንም አልወሰደም ባይባልም የሦስቱን ያህል አልተሸፈነም።

ትኩሳቱስ? ከክትባት በኋላ የሚመጣ መጠነኛ ትኩሳት ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይበርዳል። አንዳንድ ወላጆች ሳያተኩሰው አስቀድመው ፓራሲታሞል ሽሮፕ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ባለ 10 ዓይነቱን ፒሲቪ በወሰዱ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ትኩሳት ሳይመጣ አስቀድሞ ፓራሲታሞል የተሰጣቸው ልጆች ያመረቱት ፀረ እንግዳ አካል ካልተሰጣቸው ያነሰ ነበር። ስለዚህ “ለማንኛውም” ብላችሁ አትስጡ። ካተኮሰውና ከተቸገረ የጤና ባለሙያው በነገራችሁ መጠን መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ክትባት ሙሉ ቢሆንም የሳንባ ምች በቫይረስም ሆነ በሌላ ካባ ሊመጣ ይችላል። ልጃችሁ ተኝቶ ሳለ ደረቱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሲተነፍስ የጎድኑ ታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ካለፋችሁ ከአንድ መጀመር አያስፈልግም። ሰውነት ያወቀውን ስኳር አይረሳም፤ ካቆማችሁበት ይቀጠላል። ካርዱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ። ካርዱ ቢጠፋም ሂዱ፤ ልጁ የተከተበበት ጤና ጣቢያ መዝገብ አለው።